የአያ ሆዱ ጥቁር ውሃ

አማቴ እማማ እቴነሽ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው። በገበያ ቀን እህሉን ሸጦ የጨረሰ ገበሬ ሁሉ ጎራ የሚለው እሳቸው ጠላ ቤት ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ያወቅኋቸው በጠላቸው ሳይሆን በምላሳቸው ነው። በሠርጌ ማግስት ከእግሬ እስከ ራሴ ዓይተውኝ ሲያበቁ፣ «ሸጋ ልጅ ናት፤ ጋን ግን አታነሳም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የማነሳው መጽሐፍ ነው፤ እሱንም ቢሆን ከባድ ከባዱን ለሌላ ሰው እተዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ግቢያቸው ውስጥ አዳልጧቸው ወደቁ። ጎረቤታቸው እታገኘሁ ድምፅ ሰምታ እስክትመጣ ድረስ መሬት ላይ ተኝተው ቆዩ። ባለቤቴ ህሩይ፣ ሆስፒታል ራጅ ክፍል የሚሠራው አንድ ልጃቸው፣ ሄዶ ጎንደር አመጣቸው። ጉልበታቸው እየተሻለው ሄደ። ህሩይ ግን ከእንግዲህ ብቻቸውን እንዲኖሩ አልፈለገም። እሳቸው ደግሞ ሰው ቤት መኖር አልፈለጉም። «ለፍልሰታ ወደ ደብሬ እመለሳለሁ» ይሉ ነበር፣ ጠዋትም ማታም። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ብረት ነው ይባል የለ? ብረት ሳይሆኑ ለመሄድ ቸኩለዋል።

ያስቸኮላቸው ሥራ ማጣት ነው። ሽንኩርት ሊከትፉ ሲነሱ እኔ እቀድማቸዋለሁ፤ መጥረጊያ ሲያነሱ ህሩይ ይቀማቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ሲያጠጡና ሲያበሉ የኖሩ ሴት ሶፋ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያያሉ። እኛ ያከበርናቸው መስሎን ነበር።

አሁን ወደ ዓሣው ልምጣ። ስለ እሱ ሳወራ ድምፄ ከፍ ካለ ልማዴ ነው። ህሩይ ከሦስት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ጣት የምታክል ዓሣ በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ መጣ። ኦስካር ይባላል፣ ዘሩም ከደቡብ አሜሪካ ወንዞች ነው አለኝ። ያቺ ጣት ዛሬ ክንድ ልታክል ምንም አልቀራት። አብረውት የመጡትን ትናንሽ ዓሣዎች በየተራ ውጦ ብቻውን ነገሠ፤ የነገሠውም የእኔ ቡፌ ሊቆምበት በታሰበው ቦታ ላይ በቆመ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ነው።

እማማ እቴነሽ በመጡ ዕለት መስታወቱ ፊት ቆሙና ልጃቸውን ጠየቁት።

«ምን ይበላል?»

«ዓሣ፣ ትል፣ አንዳንዴም ሥጋ።»

«በረቡዕስ?»

«በረቡዕም ይበላል፣ እማ።»

«ምነው፣ የንስሐ አባት የለውም?» አሉና ስም አወጡለት፤ አያ ሆዱ።

ሰኔ ላይ አያ ሆዱ ታመመ። ቆዳው ገረጣ፣ ጥግ ይዞ ቆመ፣ ምግብ ሲጣልለት ፊቱን አዞረ። ህሩይ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ሲያነብ ሰነበተና ምክንያቱን አገኘሁ አለ። የዚህ ዓሣ ዘመዶች የሚኖሩበት ውሃ ጥቁር ነው። ጫካው ቅጠሉን ወንዙ ላይ ያረግፋል፤ ቅጠሉ እየተዘፈዘፈ ውሃውን ያጠቁረዋል፣ ትንሽም ያኮመጥጠዋል። ውሃው ለስላሳ፣ ብርሃኑም ደብዛዛ ነው። የእኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ ደግሞ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ነው። ዓሣው የታመመው በውሃው ነው።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ፤ የእኔ ባል ደግሞ ለአንድ ዓሣ ብሎ ሳሎን ውስጥ ወንዝ ሊያወጣ ተነሳ። ከአሸንዳው ሥር ሰማያዊ በርሜል አቁሞ የዝናብ ውሃ ያጠራቅም ጀመር። ከጎረቤታችን ከወይዘሮ ሸዋአየሁ ግቢ የረገፈ የዘይቱን ቅጠል ለቅሞ አመጣ። እርጥብ ቅጠል አይሆንም፣ ዛፉ ላይ ደርቆ የወደቀው ነው የሚፈለገው። መጀመሪያ በእኔ ድስት ቀቀለው፤ ስለ ድስቱ የተባባልነውን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ወዲህ ቅጠሉን በርሜሉ ውስጥ መዘፍዘፍ ያዘ። ውሃው የቀጠነ ሻይ ሲመስል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመስታወቱ ጥቂት ይቀዳና በምትኩ ይህን ይጨምራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዓሣው ከጥጉ ወጣ ወጣ ማለት ጀመረ።

አንድ ዓርብ ሁለታችንም ሥራ ስንሄድ ህሩይ፣ «እማ፣ በርሜሉን ልብ በይልኝ፤ ልጅ እንዳይነካካው» አላቸው። ይኸው ነው ያለው። ለእሳቸው ግን ከፋሲካ ወዲህ የታዘዙት የመጀመሪያ ሥራ ነበር።

ሄደው ክዳኑን ከፈቱ። ቅጠል ተዘፍዝፏል፣ ውሃው ጠቁሯል፣ ዕቃው ግን የጭስ ሽታ የለውም። ጠላ ለጠመቀች ሴት ይህ ነውር ነው። ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ነገር እንደሚበላሽ ሕፃን ያውቃል። እኔን አልጠሩ፣ እሱን አልጠሩ፤ ቅጠሉን አጥልለው አስቀመጡ። በርሜሉን ገልብጠው በግራዋ ቅጠል አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ፈተጉት። ከዚያ የወይራ ፍልጥ አጭሰው አፉን ደፉበት። ጭሱን ጠጥቶ ሲበቃው መልሰው ከአሸንዳው ሥር አቆሙት፤ የከሰዓቱ ዝናብ ሞላው፤ ቅጠሉንም መለሱ። ማታ ስንገባ ደስ ብሏቸው አገኘናቸው። ምን እንዳስደሰታቸው አልጠየቅንም።

ቅዳሜ ጠዋት ህሩይ ውሃውን ቀየረ። ጉንፋን ይዞት ስለነበር አልሸተተውም። ቁርሳችንን ሳንጨርስ አያ ሆዱ ጎኑን ሰጥቶ ወደ ላይ ተንሳፈፈ፤ ጉንጩ ብቻ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ህሩይ በርሜሉ ጋ ሮጠ። እማማ እቴነሽ ተከትለውት፣ «ውሃው ምን ሆነ? እኔው አይደለሁ እንዴ አጥቤ፣ አጥኜ ያሰናዳሁት» አሉ።

«በምን አጠብሽው?»

«በግራዋ ነዋ። በወይራም አጠንኩት።»

ህሩይ በርሜሉን ገፍቶ ውሃውን ደፋው። ግራዋውና ጭሱ ዓሣውን እንደመረዘው ገባቸው። ቀስ ብለው ወደ መስታወቱ ሄደው ዓሣውን አዩት፤ ከዚያ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሲወጡ ጓዛቸውን ቋጥረው በሩ ሥር አስቀመጡት። «ነገ ከቅዳሴ ስወጣ በዚያው መናኸሪያ እሄዳለሁ» አሉ። «አንድ ዓሣ መጠበቅ ያቃታት አሮጊት ምን ትሠራላችኋለች?» አንጀቴን በሉት።

የቧንቧው ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። ህሩይ መሐል ሳሎን ባዶ ጆግ ይዞ ቆሟል። አማቴ የተቋጠረውን ጓዝ ዓይተው፣ እሱን ዓይተው፣ «ግራዋም ጭስም ያልነካው ውሃ ከፈለግህ እኔ ጋ አለ» አሉት። ጸጉራቸውን የሚታጠቡበትን የዝናብ ውሃ አልጋቸው ሥር በሁለት ባልዲ ያስቀምጡ ነበር፤ ከዝናብ ውሃ በቀር ሳሙና አረፋ አይሰጥም ባይ ናቸው። የተበላሸውን ውሃ አብዛኛውን ቀዳን፣ የእሳቸውን በዝግታ ጨመርን። ከዚያ በርጩማ ስበው መስታወቱ ፊት ተቀመጡ። ምሳም አልበላም አሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ለዓሣ ስእለት ይገባ እንደሆነ አላውቅም። አመሻሹ ላይ አያ ሆዱ ተገልብጦ ቀና አለ።

ህሩይ ያን ጊዜ ጓዙን አነሳና ወደ ክፍላቸው መልሶ አስገባው። «አንቺ ከሄድሽ ማን ይጠብቀዋል? እኔ ሥራ እውላለሁ። መቅዲ እንደሆነች...»

«እኔ ጠብሼ ነው የምበላው» አልኩ።

አማቴ ሳቁ። በርሜሉም ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሳቸው ሆነ። ሳሙና የለም፣ ግራዋ የለም፣ ጭስ የለም ተብለው ተነገራቸው፤ ያልታጠነ ዕቃ እያዩ ዝም ማለት ቢያማቸውም ዝም አሉ። ጠዋት ጠዋት በዱላቸው ጓሮውን እየጫሩ ትል ያወጣሉ። ውሃውን በጣታቸው ቀምሰው ይተፋሉ፤ ህሩይ ተይ ቢላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ። ዓሣው ጥቁርና ብርቱካንማ ቀለሙ ተመለሰ፤ ዱላቸው ሲሚንቶውን ሲመታ ሲሰማ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። በሻይ ቀለም ውሃ ውስጥ ሲዞር ሳየው፣ እውነቱን ልናገር፣ ያምራል። ቡፌው ይቅር አልኩ።

ፍልሰታ ሲደርስ ግን ሄዱ። እንዳሉት አደረጉ፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ህሩይ መናኸሪያ አድርሷቸው ሲመለስ ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ነበር። «ብትወድቅስ?» አለኝ። ቤቱ ጭር አለ። አያ ሆዱ የዱላ ድምፅ ሲጠብቅ ይውላል። ትል የሚቆፍርለት ስላጣ ቆፈርኩ። እኔ፣ በዚህ ጥፍሬ። ጓሮ ቁጢጥ ብዬ ጭቃ ስጭር ስላቃቸው ናፈቀኝ፤ ስድባቸው ሳይቀር ናፈቀኝ።

ጾሙ በተፈታ በማግስቱ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። እማማ እቴነሽ ወረዱ፤ ጓዛቸው ከኋላ፣ አዲስ እንስራ በእቅፋቸው። ከአምባ ጊዮርጊስ ሲመጡ ወለቃ ላይ ወርደው፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ መርጠው የገዙት ነው።

«ጠላ ሊጠምቁልን ነው?» አልኳቸው።

«የምን ጠላ? ጋኖቼን ለእታገኘሁ ሰጥቻት መጣሁ። ከወደቅሁበት ያነሳችኝ እሷ አይደለችም? ትጥመቅባቸው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ምን ሊሠሩልኝ?» እንስራውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ይኸ የአያ ሆዱ ነው። በርሜሉ ላስቲክ ላስቲክ ይለኛል፤ ውሃ በሸክላ ሲቀመጥ ነው ሸጋ። ደግሞ እንዳትሳሳቺ ልጄ፤ ግራዋ እንዳታስነኪው፣ ጭስም እንዳታሳዪው።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልታጠነ ዕቃ ቤታቸው ያላስገቡ ሴት ይህን ሲሉ፣ ለስንት ቀን መጡ ብዬ የምጠይቀው አልቀረኝም።

ጉልበታቸው ደረጃው ላይ ያዝ አደረጋቸው። እንስራውን ወደ እኔ ዘረጉት።

«ያዢው እንጂ፣ ምን ያስፈራሻል? ታነሺዋለሽ» አሉኝ።

ተቀብዬ አነሳሁት፤ ተከትለውኝ ገቡ።