ያልዳንኩበት ተልባ

ይህን ነገር ስድስት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተነፈስኩም። ለልጆቼ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። እሳቸው ፊት ተንበርክኬ ሰው ማማቴን፣ ሚዛን ማጉደሌን፣ በዓርብ ቀን ሳላስበው ቅቤ የነካው ነገር መቅመሴን ሳይቀር ዘርዝሬያለሁ። ይህችን ግን እየዘለልኳት ቀኖናዬን ተቀብዬ እሄዳለሁ። አንባቢ ቢያንስ አያቋርጠኝም፤ ስለዚህ ለአንባቢ ልናገር።

እኔ ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ ተልባ፣ ኑግ፣ አብሽና በርበሬ የምሸጥ ሴት ነኝ። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቼ አድገው ወጥተዋል። አፌ ስለታም ነው፤ ይህንን ገበያው ሁሉ ያውቃል። ያኔ ማህፀኔ ውስጥ እጢ ነበረብኝ። ሐኪሞቹ ማዮማ ይሉታል። ነቀርሳ አይደለም፤ ግን ደም ያፈሳል። እኔን ሁለት ዓመት አፈሰሰኝ። ደም ያለባት ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባምና ሁለት ዓመት ከቅጥሩ በር አጠገብ፣ ዋርካው ሥር ቆሜ አስቀደስኩ። ምን እንደሆንኩ ሴቱ ሁሉ ያውቃል፤ ደፍሮ የሚጠይቀኝ ግን አልነበረም።

በጥቅምት ባሕር ዳር ሄጄ ተቀደድኩ። ማህፀኔን አወጡት። ለጎረቤት «እህቴ ታማ ላስታምም ነው» ብዬ ነበር የወጣሁት፤ የታመምኩት እኔ፣ ያስታመመችኝ እሷ። በታኅሣሥ ቁስሌ ሽሮ ተመለስኩ።

ለምን ደበቅሁ? ይህን ስናገር አሁንም አፍራለሁ። ከዓመታት በፊት ከማርያም ጽዋ ማኅበራችን ሴቶች የአንዷ ማህፀን በኦፕራሲዮን ወጥቶ ነበር። «ባዶ ጎታ» ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ሴቶቹ ሳቁ፣ ስሙም ተለጠፈባት፤ እሷም ከማኅበሩ ቀረች። እንግዲህ ራሴ ባዶ ጎታ ሆኜ በየት ዓይኔ ልያቸው? ባል ቢኖረኝ በባል አሳብብ ነበር። የፈራሁት የገዛ ምላሴን ነው።

ያን ዓመት ጥር ሃያ አንድ፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ የማኅበሩ ተረኛ እኔ ነበርኩ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ገብቼ አስቀደስኩ። ሴቶቹ ከዋርካው ሥር ወደ ውስጥ መግባቴን አይተዋል። ቤቴ መጥተው ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ገና አንድ ዙር ሳይዞር አንዷ ጎረቤቴ ምን አድርጌ እንደዳንኩ ጠየቀችኝ። ሁሉም ያዩኛል። አፌ ቀደመኝ።

«ተልባ ነው» አልኩ። «ተልባ፣ ጾምና እግር።»

አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ወሬው ጣፈጠኝ። ተልባውን አምሰሽ ትወቅጫለሽ፤ በማለዳ በባዶ ሆድ ለብ ባለ ውኃ በጥብጠሽ ትጠጫለሽ። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ስኳር የለም፤ ሥጋ እጢውን ያሳድገዋል። ጎመንና አብሽ ታበዣለሽ። ጧት ጧት በቡሬ መንገድ ላብሽ እስኪወርድ ትሄጃለሽ። ይህን ሁሉ በእርግጥ አድርጌው ነበር። ሁለት ዓመት ተልባ ጠጣሁ፣ ሁለት ዓመት በእግሬ ሄድኩ፤ እጢው ወይ ፍንክች። ይህችን ግን ዋጥኳት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ደግሞ ወለምታም አልነበረ። ጽዋው ከፊቴ ተቀምጦ አውቄ ዋሸሁ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ባለመድኃኒት ሆንኩ። ከገጠር ሳይቀር ሴቶች በቅሎና ጋሪ እየያዙ መጡ፤ ሆዳቸውን ያሳዩኛል፣ እኔም እንደ አዋቂ ጫን ጫን እያደረግሁ አያለሁ። ተልባውን በነጻ ነበር የምሰጠው። ሸጬው ቢሆን ስግብግብ ነኝ ብዬ ነገሩን እገላገለው ነበር፤ አልሸጥኩም። የፈለግሁት መመስገን ነው። «እርስዎ ባይኖሩ» መባል ነው። ይህ ከገንዘብ አይብስም?

ባንቻምላክ የመጣችው በየካቲት፣ በቅበላ ሰሞን ነው። ከገበያው በስተጀርባ ትኖራለች፤ ከእኔ በአሥር ዓመት ታንሳለች፤ እታለም ነው የምትለኝ። ባሏ ጌትነት ባጃጅ ይነዳል። ከተጋቡ ስምንት ዓመታቸው፣ ልጅ አልሰጣቸውም። እሷም እንደ እኔ ማዮማ ተገኘባት፤ እሷም ዋርካው ሥር ቆማ ማስቀደስ ጀምራለች። በእጇ ወረቀት ይዛ ነበር፤ ወደ ባሕር ዳር የተጻፈ የሪፈር ወረቀት። ሐኪሙ ምን እንዳላት አንድ በአንድ ነገረችኝ። ቶሎ ከሄደች እጢው ብቻ ይወጣል፣ ማህፀኗ ይተርፋል፣ መውለድም ትችላለች። ጌትነት ሁሉን አዘጋጅቶ ነበር። የቀረው የእሷ ልብ ነው። ቢላ ፈርታለች።

«እታለም፣ እርስዎ ሳይቀደዱ ነው የዳኑ» አለችኝ። «ልሂድ ወይስ ልቅር? እርስዎ ያሉኝን ነው የማደርግ።»

የተቀደድኩበት ቦታ ብርድ ሲሆን ያኔም ይጠዘጥዘኝ ነበር። ቀሚሴን ገለጥ አድርጌ ላሳያት እችል ነበር። ከእሷና ከእኔ በቀር በቤቱ ማንም የለም። «ሂጂ» ማለት አንድ ቃል ነው፤ ውሸቴን እንኳ ሳላፈርስ «ሂጂ፣ የአንቺ ይለያል» ማለት እችል ነበር። አሰብኩት። ነገር ግን እሷ ሄዳ ብትድን፣ ሴቱ ሁሉ «ተልባዋ ምን ሆነ?» ቢለኝስ? ይህንን ነው ያሰብኩ። የሷን ልጅ ከእኔ ስም ጋር በአንድ ሚዛን አስቀመጥሁና ስሜ ከበደኝ።

«እስከ ፋሲካ እይው» አልኳት። «ቢላው የትም አይሄድም።»

ወረቀቱን አጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። ተልባ ሰፍሬ ሰጠኋት።

ያን ዐቢይ ጾም እንደ ባንቻምላክ የጾመ የለም። በማለዳ ተነስታ ተልባዋን ትጠጣለች፤ ጎመኗን ቀቅላ ትበላለች፤ በቡሬ መንገድ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ሄዳ ትመለሳለች። ስታልፍ ሱቄ በር ላይ ቆማ እጅ ትነሣኛለች። ከሳች፤ እኔም «ክሳቱ ጥሩ ነው» አልኳት። ነጣች፤ «ጾም ነው» አልኳት። በመጋቢት አንድ ሰሞን ደሙ ቆመላት። እየሮጠች መጥታ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ተውኳት፤ ሳመችኝ። ያን ጊዜ እኔም ማን ያውቃል፣ ለእሷ ይሠራ ይሆናል ማለት ጀምሬ ነበር። ውሸታም መጨረሻ የራሱ ደንበኛ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ፋሲካ ነው። አገር ሁሉ ሁለት ወር የተከለከለውን በሚበላበት ዕለት እኔ ሥጋም ቅቤም አትንኪ ብያታለሁ። ጌትነት በኋላ እንደነገረኝ፣ እሱ ዶሮውን ሲበላ እሷ ከጎኑ ተቀምጣ ጎመን በላች። አንዲት ጉርሻ ቅመሽ ብሎ ለመናት፤ «እታለም ከልክለውኛል» አለችው። ደም ለሚፈሳት ሴት፣ ደሟን ሊመልስላት የሚችለውን ጉበትና ሥጋ ከአፏ ላይ የነጠቅሁ እኔ ነኝ። ሐኪሙ የሰጣትን የደም ማነስ ክኒን ሆዴን አደረቀኝ ብላ ስትተው ሰምቼ ዝም ያልኩም እኔ ነኝ። ተልባ ክፉ አይደለም፣ ጎመንም በእግር መሄድም ክፉ አይደለም። ለሰውነት ይበጃል። እጢ ያሟሟል ያልኩት ነው ክፋቱ።

በሰኔ በርበሬ ልገዛ ቡሬ ስወርድ አብራኝ መጣች። ልርዳዎ ብላ ነው። ገበያው መሀል ከጆንያው ላይ ተቀመጠች፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ውኃ ላምጣልሽ ብዬ ዞር ስል ወደቀች። ስናነሣት የተቀመጠችበት ጆንያ በደም ርሷል። ከዚያ በሚኒባስ፣ ከዚያ በአምቡላንስ ባሕር ዳር ደረስን። ደም ሰጧት። እጢው አድጎ፣ ደሙ አልቆም ብሎ፣ ሕይወቷን ለማትረፍ ማህፀኗን አወጡት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ኮሪደሩ ላይ ያን የታጠፈ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ባንቻምላክ አራት ወር ሙሉ ብብቷ ውስጥ ይዛው ዞራለች። ቀኑን አየችና እኔን አየችኝ።

«ይህ የየካቲት ነው። ማን ነው እስከ አሁን ያስቀመጣት?»

«እንጃ» አልኩ።

ጌትነት ተከትሎን ደርሶ አጠገቤ ቆሟል። ያውቃል፣ ግን አንገቱን ደፋ፤ እኔን ላለማሳፈር ነው።

ባንቻምላክ ስትነቃ እጄን ያዘችኝ። የእሷ ዕድል ሆኖ ነው እንጂ መድኃኒቱማ ጀምሮላት እንደነበር ነገረችኝ። ከተኛችበት ሆና እኔን አጽናናችኝ። እኔ ደግሞ ተጽናናሁ። ስድስት ዓመት ተጽናንቼ ኖርኩ። እሷ አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነው የምታስቀድሰው። ልጅ የላትም። ስትገባ ባየኋት ቁጥር በምን ዋጋ እንደገባች አስባለሁ፤ አስቤም ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልኩ ሴቶቹን የምገሥጽ እኔ ነኝ እኮ።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ባንቻምላክ የእህቷን ልጅ ይዛ ቤቴ መጣች። ማስተዋል ትባላለች፤ ካገባች ዓመት አልሞላትም። በእጇ ወረቀት ይዛለች። እኔ ያንን ወረቀት ሳልከፍተው አወቅሁት።

ባንቻምላክ ለልጅቱ ትነግራታለች። «እኔ ዘግይቼ ነው እንጂ ከመጀመሪያው ብጀምረው ኖሮ እድን ነበር፤ አንቺ ግን ገና በጊዜ ነው፤ እታለም ያሉሽን አድርጊ፣ ቢላ አያስፈልግሽም።» ልጅቱም ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ ትጠብቃለች። የእኔን ውሸት በባንቻምላክ አፍ ሰማሁት፣ ያውም በፍቅር ስትናገረው። ከዚያ ያደረግሁትን ያደረግሁት ጀግና ሆኜ አይደለም። ሁለተኛዋን ለመሸከም አቅም አጣሁ።

ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ። ቀሚሴን ገልጬ ጠባሳዬን አሳየኋቸው።

«ሂጂ» አልኳት ልጅቱን። «ነገ ሂጂ። እኔም ተቀድጄ ነው የዳንኩ።»

ልጅቱ አልገባትም፤ አንዴ እኔን፣ አንዴ አክስቷን ታያለች። ባንቻምላክ ጠባሳውን ትኩር ብላ አየችው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካከለች።

«መቼ ነበር?» አለችኝ።

«በጥቅምት።»

«እኔ የመጣሁልዎ በየካቲት ነው» አለች።

የልጅቱን እጅ ይዛ ወጣች።

ማስተዋል ሰኞ ባሕር ዳር መሄዷን ሰምቻለሁ። ባንቻምላክ ወደ እኔ አልመጣችም፤ እኔም አልሄድኩም። ሄጄ እግሯ ላይ ልውደቅ ብዬ ነበር፤ ተውኩት። ብጠይቃት ይቅር ትለኛለች፤ አውቃታለሁ። ሥጋውን ትተሽ ጎመን ብዪ ስላት የበላች ሴት፣ ይቅር በዪኝ ስላት እንቢ አትልም። ሁለተኛ ጊዜ ያልኳትን እንድታደርግልኝ አልፈልግም። ባዶ ጎታ ያልኳትን ሴት ግን ፈልጌ አገኛታለሁ። ለንስሐ አባቴም እነግራለሁ፤ እሳቸው የሚሰጡኝን ቀኖና እቀበላለሁ፤ ያ የእኔና የፈጣሪ ጉዳይ ነው።

የቀረው ከእኔ ቤት ተልባ ይዘው የሄዱት ሴቶች ናቸው። ስማቸውን ሁሉ አላውቅም፤ ከየት እንደመጡ እንኳ አልጠየቅኋቸውም፤ ስመሰገን ጊዜ አልነበረኝም። ከእነሱ አንዷ ይህን ታነብ ይሆናል፤ ወይም የሚያነብላት ልጅ አይጠፋ ይሆናል። እህቴ፣ ወረቀትሽን ካጠፍሽበት አውጪው። የዳንኩት በተልባ አይደለም። ቀድደውኝ ነው።