ሲሎፋይሲስና የአከራዬ አውራ ዶሮ

አውራ ዶሮ አይጥ ሲገድል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ኮምቦልቻ በተከራየሁበት ግቢ አይቻለሁ። የአከራዬ ቀይ አውራ ዶሮ አይጧን አንገቷ ላይ ነክሶ አነሳትና ከሲሚንቶው ጋር ደጋግሞ አላተማት። ገና ስትንፈራገጥ በእግሩ ረግጦ ሆዷን ቀደደው።

መምህር ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እማማ፣ ከሁለት መቶ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በትራያሲክ ዘመን፣ ሲሎፋይሲስ የሚባል የዶሮ የሩቅ ዘመድ የሆነ ሥጋ በል ዳይኖሰር ነበር። እንደዚህ በሁለት እግሩ የሚሮጥ፣ አጥንቱ ውስጡ ባዶ የሆነ። ጥርሱ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ነው፤ የነከሰው እንስሳ በታገለ ቁጥር ይበልጥ ይቀደዳል።»

«ዶሮዬን ጅብ አደረግኸው እኮ» አሉ አከራዬ። «ነገ ልጄ ከጅዳ ይገባል፤ ከሄደ በአራት ዓመቱ። የማበላው ይኸንኑ ነው፤ ሌላ የለኝም።»

በማግስቱ ጠዋት የሚያርድላቸውን ጎረቤት ሊጠሩ ሲወጡ ዶሮውን እንድይዝ ሰጡኝ። ቢላዋው አጠገቤ ነበር። የጣቶቹን አቀማመጥ ልመለከት አንድ እግሩን ለቀቅ አደረግኩ። ወዲያው ከእግሩ ኋላ ባለው ሹል ጥፍር መዳፌን ተረተረው፤ ዘሎም ቅንድቤን ወጋኝ። ደሜ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ተናደድኩ። በጉልበቴ ተጭኜ አንገቱን ቆረጥኩት። ያለ ጭንቅላት ተነስቶ ሮጠ፤ ግድግዳውን በደም ረጨው።

አከራዬና ጎረቤቱ በሩ ላይ ቆመዋል።

«መምህር፣ ሳንደርስ ጨረስከው?» አለ ጎረቤቱ።

አከራዬ ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ አንተ ክርስቲያን ነህ። አንተ ያረድከውን እኛ አንበላም። እና ለልጄ ምን ላቅርብለት?»

ይህን ወሎ ውስጥ ተወልጄ አድጌ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። በንዴት ረሳሁት። እጄን በመሐረብ ጠቅልዬ በሚኒባስ ሐርቡ ገበያ ወረድኩና ሌላ አውራ ዶሮ ይዤ ተመለስኩ። ሁለቱንም እግሮቹን ጨምድጄ ያዝኩ፤ ጎረቤቱ «ቢስሚላህ» ብሎ አረደው። ልጃቸው ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ማታ በግድግዳው በኩል «ብላ እንጂ፣ ከስተህ የለም እንዴ» ሲሉት ሰማሁ።

የመጀመሪያውን ብቻዬን ቀቅዬ በላሁ። ከትከሻው ጋር የሚያያዘውን የክንፍ አጥንት ሰበርኩት፤ ውስጡ ባዶ ነበር። እናንተም ዶሮ ስትበሉ ያንን አጥንት ስበሩና ውስጡን ተመልከቱ። ቢላዋ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ማን እንደሚበላው ጠይቁ።