የሚወደቀው ፈተና

ካሳሁን ያየውን ነገር ሁሉ ካልጠየቀ የማይሆንለት ሰው ነው። ዲቪ ደርሶት አትላንታ የገባ ሰሞን፣ የተማሪዎች አውቶብስ ሲቆም መኪናው ሁሉ ለምን ቀጥ እንደሚል፣ የጎረቤቱ ሣር ማን ሊበላው እንደሚታጨድ እየጠየቀ የተቀበለውን ዘመዱን አሰልችቶታል። በፈረንጆቹ 2014 ሐኪም «ሳንባህ ጠባሳ ይዟል፣ አይመለስም» ሲለው እንኳ መጀመሪያ የጠየቀው ጠባሳው ምን እንደሚመስል ነበር። ሐኪሙም ደግ ሰው ሆኖ ፎቶውን አሳየው።

ሥራው ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ኢስት ፖይንት ነው። መኪናቸውን በግል ፓርኪንግ ትተው የሚበሩ መንገደኞችን በሚኒባስ ኤርፖርት ያደርሳል። ይህን ሥራ ይወደዋል፤ ወዴት እንደሚሄዱ፣ እዚያ ማን እንደሚጠብቃቸው የሚጠይቃቸው ሰዎች በየሰዓቱ ይቀየሩለታል። ተቀምጦ የሚሠራ በመሆኑም ሳንባው አላስቸገረውም። ያስቸገረው ወደ ሥራው የሚወስደው ዳገት ነው። ሠራተኞች መኪና የሚያቆሙት ከግቢው ጀርባ፣ ታች ነው። ከዚያ ሚኒባሱ ጋ እስኪደርስ ትንፋሹ ቁርጥ እያለ ደጋግሞ ስላረፈደ፣ አለቃው አንድ ጊዜ ቢደገም ሌላ ሾፌር እንደሚቀጥር ነገረው።

ስምሪት የሚያወጣው ተስፋጽዮን ነበር መላውን ያመጣው።

«ጋሽ ካሳሁን፣ ለምን የሃንዲካፕ ፐርሚት፣ የአካል ጉዳተኛ መኪና ማቆሚያ ፈቃድ፣ አያወጡም? በሩ ስር ፓርክ ያደርጉ ነበር እኮ።»

«እግር እያለኝ?»

«ሳንባም ይቆጠራል። ሁለት መቶ ጫማ፣ ስልሳ ሜትር ያህል፣ ሳያርፍ መሄድ ለማይችል ሰው ይሰጣል። ዶክተር ይፈርማል፣ ካውንቲው ካርዱን ያወጣል። ደግሞ በሕመምዎ ምክንያት ከሥራ እንዳያባርሩዎት ሕግ አለ። ብቻ መታመምዎን ለአለቃው ይንገሩት። ሳይነግሩት ከየት ያውቀዋል?»

ካሳሁንን በጣም ገረመው። በየፓርኪንጉ ያለውን ሰማያዊ ምልክት ስንት ዓመት አልፎት ሲሄድ፣ የተሳለበትን ባለ ጋሪ ወንበር ሰውዬ እንጂ ራሱን አስቦ አያውቅም። ታሞ ጥቅም የሚገኝበት አገር ምን ዓይነት አገር ነው? ሁለት መቶ ጫማውንስ ማን ለካው? ማወቅ ፈለገ፤ ቀጠሮም ያዘ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ካሳሁን ፈተና ያውቃላ! ለመንጃ ፈቃዱ፣ ለዜግነቱ፣ ለሁሉም ሌት ተቀን ተዘጋጅቶ ነው ያለፈው። ለዚህም ተዘጋጀ። ከሥራ አስፈቅዶ አረፈ፤ ጠዋት የሚሳበውን መድኃኒት ሳበ፤ ሙሉ ልብሱን ከነከረባቱ ለበሰ። አዲሱ ዶክተር «እንዴት ነህ?» ቢለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና» አለ። እንግዲህ ገና ስሙን ላልያዘለት ሰው ምን ብሎ ይዘርዝር? ደረጃ ያስቸግርሃል ወይ ሲባል «ኖ ፕሮብሌም»። ነርሷ በኮሪደሩ አብራው ስትሄድማ በሴት ፊት ቆሞ ማረፍ ነውር መስሎት፣ ጥርሱን ነክሶ፣ እንደ ሙሽራ ደረቱን ነፍቶ ጨረሰው። አጨበጨበችለት። ዶክተሩም «ደስ ይበልህ፣ ካርዱ አያስፈልግህም» አለው፤ ካሳሁንም ከልቡ አመስግኖ ወጣ። መኪናው ውስጥ መሪው ላይ ተደፍቶ ትንፋሹን ሲለቃቅም ነው ምን እንዳደረገ የገባው።

ተስፋጽዮን ጭንቅላቱን ያዘ። «ጋሼ! ይሄ እኮ የሚወደቅ ፈተና ነው!»

ካሳሁን ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ከዚያ ግን ነገሩ አልለቀው አለ። ተሰልፎ ጉድለቱን የሚናገር ሰው ያሸንፋል፤ የሚደብቅ ይሸነፋል። እሱ ያደገው በተገላቢጦሹ ነው። ወደ ክሊኒኩ ደውሎ እንደገና ሊታይ እንደሚፈልግ ተናገረ፤ እዚያው ድፍረቱ ሳይለቀው ለአለቃውም መታመሙን ነገረው። አለቃውም እስከሚቀጥለው ሳምንት እጠብቅሃለሁ፣ ካርዱን ካመጣህ የፊት ለፊቱ ቦታ ያንተ ነው አለው።

በሁለተኛው ቀጠሮ ልጁ ኤልዳና ለማስተርጎም ካልመጣሁ ብላ መጣች። በመካከላቸው ቅሬታ ነበር። ኤልዳና ብርሃኑን አግብታ ኖርክሮስ በምትባል ከተማ አፓርታማ ከገባች ጀምሮ አባቷ አንድም ቀን ቤቷን አልረገጠም። እሁድ እሁድ ሲጋብዙት የመንገዱ መጨናነቅ ነው ይላል። እሷ ግን ባሏን እንደጠላባት ቆጥራ፣ መጋበዙን ከተወች ቆይታለች።

ዶክተሩ በዚህ ጊዜ «እንዴት ነህ?» አላለም። «በጣም በሚብስብህ ቀን ምን ያቅትሃል?» አለ።

ካሳሁን ስንቱን ሰው ሲጠይቅ ኖሮ፣ እሱን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። እሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም። መልሱ ምን ይሆን? የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስል ማሰብ ጀመረ፤ ያገኘውንም በአማርኛ፣ ቀስ እያለ ተናገረ።

«ፎቅ ላይ መኝታ ቤት አለኝ፤ ከገና ወዲህ አልወጣሁበትም። ሶፋው ላይ ነው የማድረው።»

ኤልዳና ቀና ብላ አየችው፤ ተረጎመች።

«ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ብዬ እወጣለሁ። ከመኪናው እስከ በሩ ሩቅ ነው፤ እዚያው ተቀምጬ በመስኮት አስቀድሼ እመለሳለሁ።»

ይህንንም ተረጎመች፤ ድምፅዋ ግን ቀነሰ።

«ልጄ የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለውም። አንድ ቀን ሄጄ ነበር፤ የመጀመሪያውን ደረጃ ጨርሼ ቁጭ አልኩ። ሰው ሳያየኝ ተመለስኩ።»

ኤልዳና አልተረጎመችም። ዶክተሩ ምን እንዳለ ጠየቃት።

«አባዬ» አለች፤ «እኔ እኮ ብርሃኑን ጠልተኸው መስሎኝ ነበር።»

«ኧረ ምን በወጣው! ልጁን እወደዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ካሳሁን አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ በከንቱ የቀሩበት እሁዶች አንገበገቡት። ኤልዳና ዓይኗን ጠርጋ የቀረውን በእንግሊዝኛ ጨረሰች። ዶክተሩ ጣቱ ላይ ኦክስጅን መለኪያ አድርጎ ኮሪደሩን አስኬደው፤ መሃል ላይ ቁጥሩ ሲወርድ ራሱ አስቆመው። ቢሮው ተመልሶም የካርዱን ቅጽ ፈረመ።

ሲወጡ ኤልዳና ወረቀቱን ይዛ እንደ ልማዷ ፈጠን ብላ ቀደመች። ካሳሁን እስከ መውጫው ያለውን ርቀት አየ። ማንም አልጠየቀውም፤ የሚፈርምም አልነበረም።

«ኤልዱ፣ ቆይኝ» አላት። «ልረፍ።»

ተመልሳ መጣች። ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ፣ ከጎኑ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።