ከመንጋዋ የተለየች ግሪሳ

እናቴና እህቶቼ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ካለቁ በኋላ፣ አባቴን ከቆቦ ወደ አዲስ አበባ አመጣኋቸው። እህል አልቀምስ ስላሉ፣ ትካዜያቸውን ላስረሳቸው ብዬ አንድ እሑድ የአራዊት ማቆያውን አሳየኋቸው። በአንድ የሽቦ ቤት ውስጥ አንዲት የግሪሳ ወፍ ማሽላ ተበትኖላት ኩርምት ብላለች፤ አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከማማ ላይ ሆነው በወንጭፍ ሲያባርሩ የኖሩት የእርሷን ዘር ነበር።

«ይችን ሌባ ደግሞ መንግሥት ይቀልባታል?» ብለው ሳቁ። ቆይተው ግን፣ «አትበላም እኮ» አሉኝ።

«ትለምዳለች፤ ግሪሳ ማሽላ ትወዳለች» አልኳቸው።

«ግሪሳማ መንጋው ነው፣ ልጄ። አብሮ ይወርዳል፣ አብሮ በልቶ አብሮ ይነሳል። ይች እንዲያው አንዲት ወፍ ናት።»

ማታ እጃቸውን ታጥበው ከማዕዱ ፊት እንጀራውን ሳይቆርሱ ተቀመጡ፤ እኔም እንደ ወትሮው «ይብሉ እንጂ» አላልኳቸውም።