ለአባ ቀስታ ወገብ የሚሆን ወንበር

እታለም ባሏ ሕመም እንደሚደብቃት የነቃችው በጫማው ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ማሰሪያ ያለው ጥቁር ጫማ ነበር የሚያደርገው። ጠዋት ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ማሰሪያውን እያጠበቀ የታክሲ ተራውን ወሬ ሁሉ ሲያወራት ኖሯል። አንድ ቀን ታዲያ እግር ሰደድ አድርገው የሚሄዱበት፣ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ገዝቶ መጣ።

«ምነው፣ ምን ነክቶህ ነው?» አለችው።

«ዘመኑ ነዋ» አላት ፊቱን አዙሮ።

ዘመን ተከትሎ የማያውቅ ሰው ዘመኑ ነው ሲል ነገሩ ደግ እንዳልሆነ ገባት። ግን አይታ ሳትጠግብ የምትናገር ሴት አይደለችም።

ባሏ ታክሲ ነጂ ነው። ተራ ላይ ያሉት ሾፌሮች «አባ ቀስታ» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ ሲነዳ እንቁላል የጫነ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ሊያሾፉበት ያወጡት ስም ነበር። ኋላ ግን ነፍሰ ጡር ወይም ከቀዶ ጥገና የወጣ ሰው ሲመጣ እነዚያው ሾፌሮች «ወደ አባ ቀስታ ውሰዷቸው» ይሉ ጀመር። እሷ ደግሞ የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ድርጅት ውስጥ ስፌት ማሽን ፊት ተቀምጣ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። «እታለም» ያሏት እዚያ አብረዋት የሚሠሩት ልጆች ናቸው፤ ከነሱ ጎረቤቱ ያዘው፤ መጨረሻ ላይ ባሏም ተቀላቀለ።

ከጫማው ወዲህ በዓይኗ ትከታተለው ጀመር። አንድ ቀን ከሥራ ቀድማ ገብታ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ሳለ መኪናዋ በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። ሞተሩ ጠፋ፤ የወረደ ሰው ግን የለም። ቆየ። ከዚያ በሩ ተከፈተና አንድ እግር ወጣ። አባ ቀስታ በሁለት እጁ የበሩን ጠርዝ አጥብቆ ይዞ ሌላውን እግሩን ጎተተው። ሲቆምም እጥፍ እንዳለ ነው። እዚያው መኪናዋን ተደግፎ ጀርባውን ጥቂት በጥቂት ሲያቃና አየችው። ፊቱን በመሐረብ ጠረገ፤ ከዚያም ምንም እንዳልሆነ ሰው እያፏጨ ወደ ቤት መጣ።

ፉጨቱ ለእሷ ተብሎ እንደሆነ አውቃለች።

በማግስቱ እሱ ሲታጠብ ቁልፉን ከሱሪው ኪስ አወጣችና ሄዳ መሪው ፊት ተቀመጠች። ወንበሩ በአንድ ጎኑ ሰምጧል። ስፖንጁ ደቆ አልቋል። ከመደገፊያው ውስጥ አፈንግጦ የወጣ ብረት ልክ ወገብ ላይ ይወጋል። ብረቱን ለመሸፈን የተጠቀጠቀ አንድ ጨርቅ ነገር አለ፤ ስባ ብታወጣው ስትፈልገው የከረመችው ሹራቧ ነው።

ቁርስ ላይ ሹራቡን ጠረጴዛው መሀል አኖረችው።

አባ ቀስታ ሹራቡን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ሻዩ ውስጥ አቀረቀረ። «ይሞቃል ብዬ ነው» አለ።

«ወገብህን ከያዘህ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ቆይቷል።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«ብነግርሽ ተው ትይኛለሽ። ብተው ደግሞ እዚህ ተጎልቼ፣ አንቺ ከሥራ እስክትመጪ በር በር ማየት ነው። እሱን ፈርቼ ነው እታለም።»

እታለም ተነሥታ ሻይ ጨመረችለት።

ሐኪም ቤት ይዛው ሄደች። ሐኪሟ በትዕግሥት መረመረችው፤ መሬት ላይ ተጋድሞ የሚሠራውን እንቅስቃሴም ራሷ ተኝታ አሳየችው። «መቀመጥ ይቀንሱ አባቴ» አለችው። «የግድ ከሆነ ደግሞ እዚች ጋ፣ የወገብዎን ጎድጓዳ የሚደግፍ ወንበር ይፈልጉ። ወገብ ደጋፊ ካጣ ጡንቻው ነው ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው።»

በዚያው ሰሞን ልጃቸው ደወለች። ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት፤ ካገባች ወዲህ የምትኖረው በጠዋት የተነሣ ሰው አመሻሽ ላይ በሚገባበት ከተማ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ጥቂት ወራት ቀርቷታል።

«እማዬ፣ አንቺ እንደምትመጪ አውቃለሁ። አባዬስ?» አለች።

አባ ቀስታ ከወዲያ ሆኖ ሰማ። «ምን ማለቷ ነው? እንዴት አልመጣም?» ብሎ ብድግ ሲል ወገቡ ቆረጠውና ተመልሶ ቁጭ አለ። በአውቶቡስ መሄድ የማይታሰብ ነው፤ የአውቶቡስ ወንበር ጤነኛውንም አጣጥፎ ነው የሚያወርደው። በራሳቸው መኪና ለመሄድ ወስነው የወንበር ፍለጋውን የጀመሩት ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ እታለም ከእንጨት ፍሬ የተሠራ፣ ወንበር ላይ የሚነጠፍ ነገር ገዛች። አባ ቀስታ ፍሬን በያዘ ቁጥር ወደ ፊት እየተንሸራተተ መሪው ሥር ሊገባ ደረሰ። ቀጥላ ወንበሩን ለወንበር ሰፊ ሰጠች። ሰውየው አልሰሰተም፤ የሚወጋውን ብረት ነቅሎ ስፖንጁን እላይ በላይ ጠቀጠቀውና አባ ቀስታ ሲቀመጥበት ጭንቅላቱ ጣሪያ ነካ። እስኪቀነስለት ድረስ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሲነዳ ያዩት የተራው ሰዎች «አባ ቀስታ ዘንድሮ ላለፈ ላገደመው እጅ ይነሣል» ብለው ሳቁበት። እሱም አብሮ ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን እንደ በፊቱ እጥፍ እንዳለ ነበር።

በመጨረሻ ምክሩን የሰጣት ያው ወንበር ሰፊ ነው። «እቴቴ፣ የዚች መኪና ወንበር አጥንቱ ራሱ ጠማማ ነው። እኔ ሥጋ ብጨምርበት ምን ይረባል? ከተፈታ መኪና የወጣ፣ ደህና አጥንት ያለው ፈልጉ» አላት።

ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ከጋራዦቹ ጀርባ ነው። በር ከበር ጋር፣ መብራት ከመብራት ጋር ተደርድሯል። ወንበሮቹ ደግሞ አንድ ግድግዳ ጥላ ሥር ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተኮልኩለዋል። ሻጩ ቆብ የደፋ፣ ድምፁ የጎረነነ ሰው ነው።

«ለየትኛው መኪና ነው ጋሼ?»

«ለወገቤ ነው» አለው አባ ቀስታ።

ሻጩ ሳቅ አለና «እንግዲያው ተቀምጠው ይምረጡ» አለው።

አባ ቀስታ ተቀመጠ፤ እታለምም አጠገቡ ያለው ላይ ተቀመጠች። ከአንዱ ይነሡና ወደሚቀጥለው ይዛወራሉ። አንዱ ሰው ይውጣል። አንዱ ወገብን ትቶ ትከሻን ይገፋል። አንዱ ቆዳው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ግን ድንጋይ ነው። እታለም በየተራ እጇን በባሏ ወገብና በመደገፊያው መሀል ሰደድ እያደረገች ትፈትሻለች። እጇ ከገባ፣ ወንበሩ አይሆንም ማለት ነው።

«ኧረ ሰው እያየን ነው» አላት።

«ይየን። ሙሽሮች መስለንለት ይሆናል።»

«በዚህ ዕድሜ?»

«ዘመኑ ነዋ» አለችው።

ከዳር አካባቢ አንድ ግራጫ ጨርቅ የለበሰ ወንበር ነበር። ክንዱ ላይ ሲጋራ አቃጥሎታል፤ መልክ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። አባ ቀስታ ሲቀመጥበት እታለም በጎኑ ያለችውን ክብ ማዞሪያ አየች። ስታዞራት ከመደገፊያው ውስጥ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ወደ ፊት መጣ። እጇን ልትሰድ ሞከረች፤ አልገባም። መደገፊያው ወገቡን እንደ መዳፍ ሞልቶ ይዞታል።

«እንዴት ነው?»

አባ ቀስታ ዓይኑን ጨፍኗል። እያሰበ መስሏት ጠበቀች። ትንሽ ቆይቶ ረጅም፣ የተረጋጋ ትንፋሽ ሰማች። ተኝቷል። ስንት ጊዜ አልጋው ላይ ሲገላበጥ እየሰማች እንዳልሰማች ሆና ያደረች ሴት፣ መንገድ ዳር፣ መዶሻ ከግራ ከቀኝ እየጮኸ፣ ባሏ እንደ ሕፃን ሲተኛ አየች። ግንባሩ ላይ የነበረው መስመር ጠፍቷል። ነጠላዋን አውልቃ ጭኑ ላይ ጣል አደረገችለት።

ሻጩ ሌላ ወንበር ተሸክሞ መጣ። «ጋሼን ልቀስቅሳቸው?»

«ተው፣ አትቀስቅሰው» አለችው በሹክሹክታ። «ገዝተነዋል።»

ሰውየው የተሸከመውን ቀስ ብሎ አኖረና ላሜራ ወደሚቀጠቅጡት ሰዎች ሄደ። ምን እንዳላቸው አልሰማችም፤ መዶሻው ግን ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

ችግሩ የመጣው ወንበሩን መኪናዋ ላይ እንዲገጥምላቸው የወሰዱለት በያጅ ጋ ነው። በያጁ የወንበሩን እግርና የመኪናዋን ወለል ሲለካ ቆይቶ ቀና አለ። «ይሄ የተሳፋሪ ወንበር ነው። የቀበቶው መቆለፊያ ከወንበሩ ጋር ነው የተሠራው። በሾፌሩ በኩል ብገጥመው መቆለፊያው ወደ በሩ ይዞራል፤ ቀበቶው አይታሰርም።»

«ቆርጠህ ብታዞረውስ?» አለው አባ ቀስታ።

«ቀበቶን በብየዳ አላምነውም አባቴ። ይቅርብኝ። በተሳፋሪው በኩል ከሆነ ዛሬውኑ እገጥምልዎታለሁ።»

የአባ ቀስታ ፊት ጥቁር አለ። እጁን ግራጫው ወንበር ላይ አሳርፎ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«በዚያው በኩል ግጠምልን» አለች እታለም። «እኔ እነዳለሁ።»

መንጃ ፈቃድ አላት። ወጣት ሳሉ ያስተማራት እሱ ነው። ታዲያ ፈቃዱን ባወጣች ሰሞን የጎረቤት አጥር ጥሳ ገባችና ሁለተኛ መሪ አልነካም አለች። አባ ቀስታ አጥሩን በዚያው ቀን ራሱ አቁሞ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስለ አጥር አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም።

እሑድ እሑድ እታለም የምትሠራበት ድርጅት በር ላይ ባለው ባዶ ሜዳ ልምምድ ያዙ። እታለም አጭር ስለሆነች ያ ጣሪያ ያስነካው ስፖንጅ ተመልሶ ገባላትና ልክ ሆነ። ፍሪሲዮኑን ስትለቅ መኪናዋ እንደ ፍየል ትዘላለች፤ አባ ቀስታ «ቀስ፣ ቀስ» ይላታል። «ስምህን ልታወርሰኝ ነው?» ትለዋለች። ውሎ አድሮ ፍየሏ ተገራች።

የሄዱት ልጃቸው «ቀኔ ደርሷል» ብላ ዳግመኛ በደወለች በማግስቱ ነው። ከከተማ እስኪወጡ አባ ቀስታ እግሩን ወለሉ ላይ ሲጫን አየችው።

«ምንድነው የምትረግጠው?»

«ፍሬን።»

«ፍሬኑ እኔ ጋ ነው ያለው።»

ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ከባድ መኪናዎች ከኋላ መጡባት። መዳፏን ላብ አጠመቀው። አባ ቀስታ አልጮኸም፤ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ጠዋት ጫማ ሲያስር እንደሚያወራት ዓይነት፣ «በሁለተኛ ማርሽ ያዢው። ፍሬኑን አታስጨንቂው። እነሱ የቸኮሉ እንደሆነ ያልፉሻል» አላት። እያለፏት ወረዱ። ሜዳው ላይ ስትደርስ ዳር ይዛ አቆመችና መሪውን ሳትለቅ ተቀመጠች። እሱ ወረደ፤ በፊት ለፊት ዞሮ መጣና ውኃ አቀበላት። ስትጠጣ ቆይታ ድንገት ቀና ብላ አየችው።

«በሩን ሳትይዝ ወረድክ» አለችው።

አባ ቀስታ የመጣበትን ዞሮ አየና እሱም ገና አሁን ገባው። እጇን ያዘ። እዚያ ሜዳ ላይ፣ መኪና በአጠገባቸው ሽው እያለ፣ ድንጋጤው እስኪበርድላት ድረስ ይዟት ቆየ።

ከዚያ ወዲያ እግሩ ፍሬን መፈለጉን ተወ። «እዚህ ጋ ወንዝ አለ እንዴ?» ይላል። «ያ ቤት ሰማያዊ ነው።» ስንት ጊዜ የተመላለሰበትን መንገድ አስፋልቱን ብቻ ነበር የሚያውቀው።

አመሻሹ ላይ ሲደርሱ ልጃቸው ሆዷን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እናቷ ከመሪው በኩል ስትወርድ አይታ ደነገጠች። «አባዬ ምን ሆነብሽ?»

«ምንም አልሆንኩ፤ ሾፌር ቀጥሬ ነው» አለ አባ ቀስታ ከወዲያ በኩል፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ።

የልጅ ልጃቸው በዚያው ሳምንት ተወለደች። አባ ቀስታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታቀፋት ትንፋሹን ውጦ፣ ደረቷን ሳይነካ፣ በመዳፉ ጀርባዋን ብቻ ደግፎ ያዛት። እታለም አየችውና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ከተመለሱ ከጥቂት ወራት በኋላ ባለቆቡ ሻጭ ደወለ። «ጋሼ፣ የዚያ ወንበር ወንድም ተገኝቷል። የሾፌር ነው» አለ። በያጁ ገጠመው፤ ወንበር ሰፊውም ይኼኛውን አዲስ ጨርቅ አለበሰው። አባ ቀስታ ዛሬ ዛሬ የሚሠራው እስከ ቀትር ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ ሐኪሟ ያሳየችውን ይሠራል። ሕመሙ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ሲመጣ ግን ይናገራል።

ሕፃኗን ሊያዩ እንደገና ሊሄዱ የተነሡ ጠዋት እታለም ቁልፉን አቀበለችው። አሁን የሁለቱም ወንበር ደህና ነው፤ መንገዱንም እሱ ነው የሚያውቀው። አባ ቀስታ ቁልፉን እጁ ላይ ትንሽ አገላብጦ መለሰላትና በተሳፋሪው በኩል ዞሮ በሩን ከፈተ።

«አንቺ ንጂ» አላት። «እኔ አገሩን ልይበት።»