መሪጌታ ወዳጆ ፕሮፌሰሩን የሸኙበት ቀን

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ በመሐል ሜዳ ከተማ ለፕሮፌሰር አፈወርቅ የክብር በዓል ተደግሶ ነበር። ፕሮፌሰሩ የደጋ ሣር አጥንተው፣ ከአፍሪካ ሊቃውንት መካከል ተመርጠው የተሸለሙ ሰው ናቸው። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ወዳጆ ከልጃቸው ከትሕትና ጋር ከአዳራሹ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ትሕትና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት፤ ጓሳ በተባለው ደጋ የሚበቅለው ሣር ከታጨደ በኋላ ምን ያህል ዘመን ተዘግቶ ቢቆይ እንደሚያገግም፣ ፊት በሚልጥ ነፋስ ውስጥ ተንበርክካ ስታጠና ከርማለች። ሣር የሚያውቅ አማካሪ በማጣቷ ግን ሥራዋ ከመንገድ ቀርቷል። የበዓሉ ጥሪ «ወጣት ተመራማሪዎች ከሊቁ ጋር ይወያያሉ» ይላል። የመጣችው ይህን አምና ነው።

የወረዳው ሹም ተናገሩ። የዞኑ ተወካይ ተናገሩ። ከክልል የመጡት ደግሞ ሁለቱ የተናገሩትን ደገሙ። ከአንዳቸውም አፍ ሣር የሚል ቃል አልወጣም። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ድካም ለገዥው ድርጅት መስመር ትክክለኛነት ምስክር ሆኖ ቀረበ፤ ኮፍያና ካናቴራ ታደለ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ። በመጨረሻም የመድረኩ መሪ ሰዓቱን ተመልክቶ፣ «በጊዜ እጥረት የወጣቶቹ ውይይት ቀርቷል፤ ወደ ምሳ እናልፋለን» አለ።

ትሕትናን ማንም አልከለከላትም። ክልከላ ቢሆን አቤት ይባልበት ነበር። የተፈጸመባት ባለቤት የሌለው በደል ነው፤ የዚያ ዘመን ሹማምንት ከሁሉ ይልቅ የተካኑትም በዚህ ነበር።

«አባባ፣ እንሂድ በቃ።»

«እንግዳ ሳንሸኝ?»

«የሚሸኛቸው መች አጡ? በመኪና ነው የሚሄዱት።»

«መኪና ሲሸኝ አላየሁም፤ የሚሸኘው ሰው ነው። መንገዳቸው በጓሳ በኩል አይደለም?»

በጭነት አይሱዙ ተሳፍረው ሰፈራቸው አጠገብ ጓሳ ዳር ወረዱና ጠበቁ። ከቀትር በኋላ የፕሮፌሰሩ መኪና ብቅ ሲል፣ መሪጌታ መሐል መንገድ ገብተው መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ከፊት የተቀመጠው ተገኘ የሚባል የወረዳው ሕዝብ ግንኙነት አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«አባ፣ ምን ሆነዋል? ትልቅ ሰው ነው የያዝነው።»

«እሳቸውን ልንሸኝ ነው የቆምነው።»

«ተሸኝተዋል እኮ።»

«በማን?»

ተገኘ ሾፌሩን «ንዳ» አለው። ፕሮፌሰሩ ግን እየሳቁ ወረዱ። «የኔም አባት እንግዳ በእግራቸው ነበር የሚሸኙት» አሉ። «እስከ የት ያደርሱኛል መሪጌታ?»

«የኔ ጉልበት ደክሟል። ልጄ ታድርስዎ።»

እንዲህ ብለው ሆን ብለው ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ቀሩ። ትሕትና የሣሩን ነገር ከመጀመሪያው አንሥታ ነገረቻቸው። ፕሮፌሰሩ አንገታቸውን ደፍተው፣ መኪናው ከኋላ እያዘገመ፣ እስክትጨርስ ሰሟት።

«ተሳስተሻል» አሏት። «ሣሩ ያላገገመው ከብት ስለገባበት ነው ትያለሽ። ሥር የሚበሉትን ፍልፈሎች የት አደረግሻቸው?»

ትሕትና ዞር ብላ አባቷን አየች።

«አባ፣ ልጅዎ ወደቀች መሰለኝ» አለ ተገኘ በመስኮቱ።

የመሪጌታ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። በወጣትነታቸው ጎጃም ወርደው ቅኔ ሲማሩ፣ መምህራቸው የኔታ ዓምደ ሚካኤል ሊያልፉት የፈለጉትን ተማሪ «ደግ ነው» ብለው ወደሚቀጥለው ይዞሩ ነበር። ወዳጆ ያን «ደግ ነው» እየሰማ ስንት ጊዜ ጎጆው ገብቶ አልቅሷል። አንድ ቀን ግን የኔታ «ይህ ቤት አይመታም፤ አቃንተህ አምጣው» ሲሉት፣ በደስታ የሚሆነው ጠፋው። ተግሣጽ ከአጠገባቸው ለሚያስቀሩት ተማሪ ብቻ የሚሰጥ ነገር ነበር።

«አልወደቀችም ልጄ» አሉት ተገኘን በለሰለሰ ድምፅ። «መቀበላቸው ነው።»

ከፊት ትሕትና ቆማለች። «ፕሮፌሰር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፍልፈሉ የሚበዛው ከታች ረግረጉ ዳር ነው። እኔ ያጠናሁት ዳገቱን ነው። እዚያ ጉድጓዱን አላየሁም።»

«አላየሁም ማለትና የለም ማለት አንድ ነው?»

«አይደለም። ግን ላሳይዎት እችላለሁ።»

ፕሮፌሰሩ ዳገቱን ቀና ብለው አዩ። ጉም መውረድ ጀምሯል።

«ክቡር ፕሮፌሰር፣ ደብረ ብርሃን እራት ይጠብቀናል» አለ ተገኘ።

«እናንተ ድረሱበት» አሉና ወደ መሪጌታ ዞሩ። «ዳገቱን በጧት ነው ማየት ያለብኝ። የሚያሳድሩኝ ቤት ይኖራል?»

«ቤት የእግዚአብሔር ነው» አሉ መሪጌታ፣ መንገዱን ለቀው ወደ ሰፈራቸው በሚያወጣው ሣር ውስጥ እየመሩ።