በበግ ትንፋሽ የሚሞቁ የኪራይ ቤቶች

የመንዟን ከተማ የሞላሌን ታች ሰፈር ከሞት ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ነው የሚል ካለ መጥቶ ይከራከረኝ፤ በጤና አለሁ።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ የጭነት መኪና ወደ ከተማችን መመላለስ በጀመረበት ሰሞን ነው። ሾፌሩ አቀበቱን ወጥቶ ላይ ሰፈር መቆም መረጠ። ገበያተኛውም ተከተለው። ታች ሰፈር ቤቱ ሁሉ እየተዘጋ ሄደ፤ የጣራው ጓሳ ሣር ሲበሰብስ የሚቀይረው ጠፋ። በመጨረሻ የቀረነው እኔና ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበት አንዲት ጠላ ሻጭ አሮጊት ነበርን።

“ጠላዬን ለቁራ ልሽጥ? ከመስቀል ወዲያ እኔም ወደ ላይ ነኝ” አሉኝ አንድ ቀን።

እሳቸው ከሄዱ ሰፈሩ አለቀለት፤ እኔም ከበጎቼ ጋር ብቻዬን መቅረቴ ነው።

የተማረ ሰው ቢጠየቅ ሁሉንም አፍርሰን እንደ አዲስ እንሥራ ይል ነበር። እኔ ግን አንድ ክፍል እሠራለሁ፣ አንድ ሰው አስገባለሁ፣ እሱ ሌላውን ይስባል አልኩ። ይህን ከማንም አልተማርኩም። ግንበኝነትንም ያወቅሁት የቤተ ክርስቲያናችንን ግንብ ትክ ብዬ እያየሁ ነው፤ ቅዳሴው ረጅም ስለሆነ በቂ ጊዜ ነበረኝ።

ከበጎቼ ጋጣ ጋር አያይዤ አንድ የድንጋይ ክፍል ሠራሁ። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነበር። ትንሽ ያጋደለው በጓሮ በኩል ያለው ብቻ ነው፤ በዚያ በኩል ደግሞ ሰው አያልፍም። ከዓለም ከተማ የመጣ አንድ ወጣት ልብስ ሰፊ ከነስፌት መኪናው ተከራየኝ። ሙቀት የለመደ ልጅ ነውና ሳምንት ሳይሞላው እጁ ደንዝዞ መርፌ መያዝ አቃተው።

“ጋሼ፣ ይኼ ቤት ነው ወይስ የውኃ ጉድጓድ? እኔስ አገሬ መመለሴ ነው” አለኝ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

“ቤቱ ምንም አልጎደለውም። የጎደለህ በግ ነው።”

“በግ?”

“የመንዝ ሰው በምን የሚሞቅ መሰለህ?”

እውነቴን ነው። እኛ ከበጎቻችን ጋር በአንድ ጣራ ሥር ስለምናድር ትንፋሻቸው ቤቱን ያሞቀዋል። ሁለት እናት በጎች መርጬ አስገባሁለት። በመንዝ ቤትን ከነማሞቂያው ያከራየ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ።

ልጁ ሞቀው፤ ሥራውም ቀናው። ግን ጭቃ ሹሙ ለመስቀል ያሰፉትን ሱሪ ሊወስዱ ሲመጡ አንደኛዋ በግ አንዱን እግር እስከ ጉልበቱ በልታዋለች። ጭቃ ሹሙ ሱሪውን ከፍ አድርገው አዩት።

“ይኼ የማን እግር ነው?”

“የእርስዎ ነው ጌታዬ። ግራው” አለ ልጁ።

“የቀረውስ የት አባቱ ሄደ?”

በጓ ጥግ ይዛ ታመሰኳለች።

ልብስ ሰፊው እዚያው ዕቃውን መሸከፍ ጀመረ። አሮጊቷም ከደጃቸው ሆነው “እሱ ከሄደ መስቀልንም አልጠብቅ!” አሉ። ጉዳዩ ጭንቅላት ጠየቀ። በጎቹን ወደ ጋጣቸው መለስኩና በጋጣውና በክፍሉ መሐል ያለውን ግድግዳ አግድም ረዘም ባለ ጠባብ ቀዳዳ በሳሁት፤ ሙቀት እንዲያሳልፍ፣ በግ እንዳያሳልፍ። እንዳልኩትም አንድም በግ አላለፈም። አንገታቸው ግን አለፈ። በማግሥቱ ልጁ ከስፌቱ ቀና ሲል በጎቼ ጭንቅላታቸውን ደርድረው ሥራውን ይመለከታሉ።

ጭቃ ሹሙ ለምትክ ሱሪያቸው ሊለኩ ተመልሰው መጡ።

“ምን ያፈጡብኛል? ዞር በሉ በላቸው!” አሉ እጃቸውን ዘርግተው እንደቆሙ።

“ልኩን እያጣሩ ነው ጌታዬ” አልኳቸው።

ወሬው አቀበቱን ከመኪናው ቀድሞ ወጣ። በገበያ ቀን ላይ ሰፈር ያለው ሁሉ በጎቹን ሊያይ ወረደ። የሳቀው ጠማው፤ የጠማው ጠላ ቤት ገባ፤ ጠላው ሞቅ ያደረገው ደግሞ እጀ ጠባብ ልለካ አለ። ቀጥሎ በጋጣው ሌላ ጎን ለአንድ የጨው ነጋዴ ክፍል ሠራሁ፤ በዚያም በኩል ግድግዳውን በሳሁ። ተዘግተው የነበሩት ቤቶች አንድ በአንድ አዲስ ጓሳ ለበሱ።

መስቀል አለፈ። አሮጊቷ አንድ ጠዋት መጥተው ከፊቴ ቆሙ።

“አንተ! ለጨው ነጋዴ ቀዳዳ ስትሠራ እኔ ምን በደልኩህ? የእኔን ግድግዳ መቼ ነው የምትበሳው?”

“እርስዎ ወደ ላይ ሊሄዱ አልነበር እንዴ እማማ?”

“ማን? እኔ? ሥራ ፈት! ይልቅ በእኔ በኩል ሙክቱን አድርግልኝ፤ የግልገል ትንፋሽ ምን ያሞቃል።”

ሙክቱን አደረግሁላቸው። አተላ እንደሚወድ፣ አንገቱም እስከ ጋናቸው እንደሚደርስ ግን አልነገርኳቸውም።